ከመኪናው ቀድሞ የደረሰው ዱላ

ይሄን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ይቅርታው የሚመለከተውን ሰውዬ ፊት ለፊት ጠይቄዋለሁ። የምጽፈው፣ የሆነውን ነገር ቦንጋ ውስጥ ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሚያወራውና በየትኛውም ወሬ ውስጥ እኔ የተናገርኳት አንዲት ነገር ስለማትገኝ ነው። እሷን የሰማነው እኔ፣ አንድ ሹፌር፣ እና ወረፋ ላይ ቆመው የሳቁ ሰዎች ነን። የሳቁት ረስተዋታል። ሹፌሩ ግን አልረሳትም። ጣጣው የመጣውም ባለመርሳቱ ነው።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ዘጠኝ ወር ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ ጎረቤት «ሥራ አገኘች?» እያለ እናቴን ይጠይቃት ነበር፤ ወደ መጨረሻው መጠየቁን ትቶት ዝም ብሎ ያየኝ ጀመር። መጠበቅ አልወድም። ባጃጅ ሰው እስኪሞላ አልቀመጥም፣ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ሰው ወሬ ሲያረዝምብኝ «እና ምን ሆነ? ጨርሰው» እላለሁ። ይሄንን ጉብዝና ነበር የሚመስለኝ።

በመጨረሻ ሥራ አገኘሁ። ከቦንጋ ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ዳገት አለ፤ ክረምቱ ግማሹን መንገድ ወደ ገደል ይዞት ወርዶ ነበር። የቀረው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ባንድ ጎኑ የተቆረጠ አፈር እንደ ግድግዳ ቆሟል፣ በሌላው ጎኑ ጫካው ቁልቁል ይሄዳል፤ የዛፎቹን ጫፍ ከላይ ነው የምታዩት። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲህ ነው። መሃል ላይ መተላለፊያ የለም። ኔትወርክ የለም። ሬዲዮ ይመጣል ተብሎ ነበር፣ አልመጣም።

ስለዚህ ዱላ ነበረን።

ክንድ የሚያህል፣ ቀይ ቀለም የተቀባ አንድ ዱላ። ደንቡ ቀላል ነው። ታች ያለው ተቆጣጣሪ መኪኖችን በቡድን ይለቅና ዱላውን ለመጨረሻው መኪና ይሰጣል። ዱላው ላይኛው ኬላ እስኪደርስ ድረስ ከላይ ምንም ነገር አይገባም። ሲደርስ ደግሞ ከላይ ያሉት ይለቀቃሉ፣ ዱላውም በመጨረሻው መኪና ወደ ታች ይመለሳል። አንድ ዱላ፣ አንድ መንገድ። ዱላው እጅህ ላይ ካለ መንገዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ሹፌሮቹ «ቁልፉ» ይሉት ነበር።

እኔ የላይኛው ኬላ ላይ ተመደብኩ። የታችኛውን የያዙት ጋሽ አደሎ ናቸው፤ ድሮ የደን ጥበቃ የነበሩ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ። ሥራ ሊያሳዩኝ የመጀመሪያውን ቀን እሳቸው ጋ ዋልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሊያሳብዱኝ ነበር። አንድ መኪና ዱላ ይዞ በመጣ ቁጥር ተነስተው ይሄዳሉ፣ የሹፌሩን እጅ ይጨብጣሉ፣ ደህንነቱን ይጠይቃሉ፣ የመንገዱን ይጠይቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ካንተ ኋላ ማን አለ?» ይሉታል። ሹፌሩ «ማንም የለም ጋሼ» ይላል። እሳቸው ግን አንገታቸውን አስግገው ባዶውን መንገድ ያያሉ። ከዚያ ነው ወረፋውን የሚለቁት።

«ጋሼ፣ ዱላው መጣ አይደል? ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

«ዱላው አይናገርም» አሉኝ። አማርኛቸው ከአፍ መፍቻቸው ከካፊኖኖ ጋር እየተሳሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። «የሚናገረው ሰውዬው ነው።»

«ግን እኮ ሁሌ መልሱ አንድ ነው።»

«አንድ ያልሆነ ቀን ልሰማው ነዋ።»

ሳቅኩባቸው። በማግስቱ ላይኛው ኬላ ላይ ስጀምር ሰላምታውንም ጥያቄውንም አስቀረሁት። ዱላውን በመስኮት እቀበላለሁ፣ አረንጓዴውን ምልክት አነሳለሁ፣ አለቀ። ወረፋው በአንድ ሳምንት ውስጥ አጠረ። የሳይቱ ኢንጂነር መጥቶ «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ስልኬ በአቤቱታ መጮህ አቆመ» አለኝ። ዘጠኝ ወር ቤት ለተቀመጠች ልጅ ይሄ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ደብተሬ ላይ ዱላው ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እየጻፍኩ በየቀኑ ማሳጠር ሱስ ሆነብኝ።

አንድ ሰው ብቻ ያበላሽብኝ ነበር። ሰይፉ።

ሰይፉ የገልባጭ ሹፌር ነው። ከታች ጠጠር ጭኖ ላይ ያራግፋል። ዕቃው ከባድ ስለሆነ ጋሽ አደሎ ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስገቡት፤ ስለዚህ ዱላውን ሁሌ የሚይዘው እሱ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ በጣም ቀስ ብሎ። ሌሎቹ ወጥተው አልቀው እኔና ወረፋው ገና የሱን የሞተር ድምፅ ስናዳምጥ እንቆያለን። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ዝምተኛ፣ ራሱ ላይ ሁሌ አንዲት የሹራብ ኮፍያ የማትጠፋ ሰው ነው።

ከነገሩ አንድ ቀን በፊት ወረፋው ረዥም ነበር፣ ሰዉ እየጮኸብኝ ነበር፣ ሰይፉም እንደ ልማዱ ዘገየ። ሲደርስ መስኮቱ ሥር ሄጄ ሁሉም እየሰማ፣ «አንተን ስጠብቅ አረጀሁኮ። ይሄን መኪና ነው የምትነዳው ወይስ እያባበልከው ነው?» አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። ሰዉ ሲስቅልኝ ጨመርኩ።

«ስማ፣ አንተ በፈለግክ ሰዓት ና። ከፈለግክ ነገ ና። ዱላዬን ግን ቶሎ አድርስልኝ።»

የባሰ ሳቁ። ሰይፉ ዱላውን በመስኮት አቀበለኝና ኮፍያዋን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረጋት። «እሺ እህቴ፣ አደርስልሻለሁ» አለኝ። ቃሉ ይሄ ነው።

በማግስቱ ገና ከጠዋቱ ዝናብ ነበር። የኛን አገር ጉም የማያውቅ ሰው ካለ፣ ጉሙ ከላይ አይወርድም፣ ከጫካው ከታች ነው የሚወጣው። ገደሉን ሞልቶ መንገዱ ላይ ይፈስና ከአሥር እርምጃ በኋላ ያለውን ይውጠዋል። የቆምኩባት መጠለያ ቆርቆሮ ናት፤ ዝናቡ ሲበረታባት የገዛ ድምፄን አልሰማም ነበር። ለወትሮው ከባድ መኪና ዳገቱን ሲይዝ ገና ከሩቅ ይሰማኛል። ያን ቀን ምንም አይሰማም።

ወረፋዬ ላይ ስድስት መኪና ቆሟል። ከፊት ያለው ከደካ የመጣ ሚኒባስ ነው። የኋለኛው ወንበሩ ላይ አንድ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቀፎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወድቆ ነው። ማር ቆራጭ ነው፤ እነዚያ ዛፎች ምን ያህል እንደሚረዝሙ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሚስቱ እትዬ አማረች ከሚኒባሱ ወርዳ ዝናብ ላይ ቆማ እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ፣ ሆዱ እየተነፋ ነው። ውሃ ሲጠጣ ደም ይተፋል። ቦንጋ ሆስፒታል ካልደረስን…»

«ዱላው ሲመጣ መጀመሪያ እናንተን ነው የማሳልፈው፣ እትዬ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አሁን ይመጣል።»

የሚኒባሱ ሹፌር ታሪኩ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ እንደኔው ቁጡ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲሞት ዱላ ትጠብቂያለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አንተ ከፈለግክ በራስህ ግባ» አልኩት። አልገባም። እኔም ውስጤ እየነደደ ነበር። የሰውዬው ሲቃ ከዝናቡ ድምፅ በታች ይሰማኛል፣ እትዬ አማረች በየሁለት ደቂቃው ታየኛለች። ያን ሰዓት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ያ ቀይ ዱላ ከጉሙ ውስጥ ሲወጣ ማየት።

ከታች መኪኖች መውጣት ጀመሩ። አንድ ፒክአፕ። ዱላ የለውም። የቡና ጆንያ የጫነ አይሱዙ። ዱላ የለውም። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ሞተር ሳይክል። ነጂው የግብርና ሠራተኛ ነው፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያልፋል። ዱላው ጃኬቱ ውስጥ ተሸጉጦ ቀይ ጫፉ ባንገቱ በኩል ይታያል።

ሰዓቴን አየሁ። እንዲህ ፈጥኖ ደርሶ አያውቅም። በዚህ ዝናብ ሰይፉ አልጫነም ማለት ነው፣ ሞተሩ ነው መጨረሻ የገባው፣ አልኩ ለራሴ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ሰውዬው ዱላውን ሲያቀብለኝ አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ሊለኝ ነበር። እኔ አልጠበቅኩትም። ዞሬ አረንጓዴውን ምልክት አንስቼ «ሂዱ! ሂዱ!» አልኩ። ሚኒባሱ ጭቃውን እየረጨ ሄደ፤ እትዬ አማረች በመስኮት እጇን ወደ ሰማይ አንስታ እየመረቀችኝ ነበር። ጉሙ ዋጣቸው። ሁለተኛው ሄደ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ለስድስተኛው ዱላውን ልሰጥ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

ሞተረኛው መጠለያዋ ሥር ገብቶ ጃኬቱን እያራገፈ ነበር። «ዛሬ እንግዲህ አትቆጪም» አለኝ እየሳቀ።

«ለምን?»

«ዱላሽ ቶሎ መጣልሻ። ሰይፉ ገና እንደገባን አስቆመኝና ‹ይሄን አድርስላት፣ እኔ ጭቃው ይዞኛል፣ ልጅቷ ትቆጣለች› ብሎ ነው የሰጠኝ።»

እዚህ ላይ ለሌላ አገር ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ጋ ዕቃ የሚሄደው በሚሄድ ሰው እጅ ነው። መድኃኒት፣ ቅቤ፣ የቤት ቁልፍ፣ ለማታውቁት ሞተረኛ ሰጥታችሁ «እዚያ ሱቅ አድርስልኝ» ትላላችሁ፣ ይደርሳል። ማንም እንቢ አይልም፣ ማንም አይሰርቅም። ሞተረኛው ያደረገው ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገውን ነው። ሰይፉም እንደዚያው። ቶሎ አድርስልኝ ተባለ፣ ቶሎ በሚሄድ ሰው ላከ።

«ሰይፉ የት ነው?» አልኩት። መልሱን እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

«እየመጣ ነዋ» አለኝና ፊቴን አይቶ ሳቁ ጠፋ።

ለስድስተኛው ሹፌር «መንገዱን ዝጋ፣ ማንም እንዳይገባ» ብዬ ሞተሩ ላይ ወጣሁ። ዱላው እጄ ላይ ነበር። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም።

ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድነው በቅደም ተከተል አላስታውስም። ሞተረኛው ክላክስ ላይ ጣቱን አልነሳም፣ እኔ እጮሃለሁ። አምስተኛውን ደረስንበት፤ በግድግዳው በኩል ባለችው ቦይ ውስጥ እየተንገጫገጭን አለፍነው፤ «ቁም! ቁም!» አልኩ፣ ቆመ። አራተኛው ቆመ። ሦስተኛው አልሰማ ሲል በዱላው መስኮቱን መታሁት። ሁለተኛውን ስናልፍ የሞተሩ ጎማ ወደ ገደሉ ተንሸራቶ ተመለሰ። ሚኒባሱ ግን አልነበረም። ታሪኩ በሽተኛ ስለያዘ እየበረረ ነው የሄደው። ከፊታችን ጉም ብቻ ነው።

«አይተሃል? አይተሃል?» እላለሁ፤ ሰውዬው ምን ሊያይ።

ከዚያ ሰማነው። ግጭት አይደለም፣ የግጭት ድምፅ አልሰማሁም። ክላክስ ነው። የከባድ መኪና ክላክስ፣ አንዴ ጀምሮ የማያቆም። ሰው ሲያስጠነቅቅ ይጮኻል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጮኻል። ይሄ አላቆመም። ጫካው ውስጥ ያሉት ጉሬዛዎች እንኳን ዝም አሉ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ምን ያህል እንደሄድን አላውቅም፣ ረዥም ነበር።

ኩርባው ላይ ሚኒባሱ አግድም ቆሟል። ሰዉ ወርዶ ጭቃው ላይ ተቀምጧል፤ አንዷ ልጅ ጫማዋ ጠፍቶ ባንድ እግሯ ቆማለች። ሁሉም አሉ። እትዬ አማረች በር ላይ ሆና የባሏን እግር ይዛ «አለ፣ አለ» ትላለች። ከሚኒባሱ አፍንጫ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የገልባጩ ጎን ነበር። ሰይፉ ሚኒባሱን ሲያይ መሪውን ወደ አፈሩ ግድግዳ ጠምዝዞት ነው። ወደ ገደሉ ቢጠመዝዝ እሱ ይወድቃል፣ ቀጥ ብሎ ቢመጣ ሚኒባሱን ይዞ ይወርዳል። ጋቢናው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ አንድ ድንጋይ ላይ ታጥፏል። የኋለኛው ጎማ ደግሞ የገደሉ አፍ ላይ ነው፤ ሥሩ ያለው አፈር በዝናቡ እየተሸረፈ ይወርዳል።

ታሪኩ የባትሪውን ገመድ በጥሶ ክላክሱን አስቆመው።

«አትጠጊ፣ መኪናው እየተንቀሳቀሰ ነው» አለኝ።

ተጠጋሁ። በተሰበረው መስኮት በኩል ሰይፉ ደረቱን መሪው ላይ አስደግፎ፣ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ አየኝ። ከጉልበቱ በታች የብረት እጥፋት ብቻ ነው የሚታየው። ኮፍያዋ አሁንም ራሱ ላይ ናት። ዓይኑ እጄ ላይ ያለው ዱላ ላይ አረፈ።

«ቶሎ ደረሰልሽ?» አለኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ሽሙጥም አልነበረበትም። ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

«ደረሰ» አልኩት።

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለ ስለ ሞተረኛው፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

ጥቂት ቆይቶ ጋሽ አደሎ ከታች በእግራቸው መጡ። ክላክሱን ሰምተው ነው። ዱላው ስላልተመለሰ ከታች አንድም መኪና አላስገቡም፤ ሰው ብቻ ይዘው መጥተዋል፣ ዲጂኖና ገመድ የያዙ ሰባት ሰዎች። መኪናውን አዩ፣ ሰይፉን አዩ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረው መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን መሰላችሁ?

«ካንቺ ኋላ ማን አለ?»

ላይኛውን ኬላ ለማላውቀው ሹፌር ትቼ ነው የመጣሁት። ተሰላችቶ ቢገባ፣ ሌሎች ተከትለውት ቢገቡ፣ ቁልቁል መጥተው ይሄን ሁሉ ሰው ይዘውት ነው የሚወርዱት።

«አላውቅም» አልኩ።

አልተቆጡም። ሞተረኛውን ጠርተው «ላይ ሂድና መንገዱ መሃል ቁም። እኔ ካልመጣሁ አታሳልፍ» አሉት። ሰውዬው ሞተሩን አዙሮ ሄደ።

ማር ቆራጩን ሁለት እንጨት ላይ ሸራ አስረው ስድስት ሰዎች ተሸክመውት ወረዱ፤ ከታች ሌላ መኪና ነበር። እትዬ አማረች ከመሄዷ በፊት ነጠላዋን አውርዳ በመስኮቱ ለሰይፉ ትከሻ አለበሰችው። ከዚያ ወደኔ መጣች።

«ልጄ፣ በኛ ምክንያት ነው የቸኮልሽው?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። በጣም ምቹ መልስ ነበር። «አይደለም እትዬ። እኔ ሁሌም እንዲህ ነኝ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። መጠበቅ የማልወደዋ እኔ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያ መስኮት ሥር ቆምኩ። ብረቱን ለማላቀቅ መጀመሪያ ጠጠሩን በአካፋ ማራገፍ ነበረባቸው፤ ግን ቶሎ ካራገፉት ሚዛኑ ይዛባና መኪናው ይሄዳል። ስለዚህ ጋሽ አደሎ አንድ አካፋ ከዚህ፣ አንድ አካፋ ከዚያ እያሉ እንደ መድኃኒት ነበር የሚያስወጡት። በየጊዜው ከጎማው ሥር አፈር ይናዳል። ሁሉም አካፋውን አቁሞ ያዳምጣል። አፈሩ ዛፎቹን እየመታ ሲወርድ ይሰማል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። መሬት ሲደርስ ግን አይሰማም።

የሰይፉን እጅ ይዤ ነበር። እንዳይተኛ አዋሪው አሉኝ። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት። ሁለት ናቸው። ትልቋ ትምህርት አትወድም አለኝ፤ «እንዳንቺ ብትማርልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። አንዴ እጁ ሲላላብኝ «ሰይፉ፣ ሰይፉ» ስለው «አትቸኩይ፣ አለሁ» አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አወጡት። ከጉልበቱ በታች የግራ እግሩ አልተረፈም፤ ጅማ ወስደው ቆረጡት። ማር ቆራጩ ቦንጋ ደርሶ ተርፏል። ሰው ይሄን ሲሰማ «ተመስገን፣ ማንም አልሞተም» ይላል። እሱን እኔም ብያለሁ።

በሳምንቱ ኢንጂነሩ ቢሮ ጠራኝ። ሪፖርቱ ተጽፎ አልቆ ነበር። «ሹፌሩ የተረከበውን ዱላ ከመመሪያ ውጪ ለሌላ ሰው አሳልፎ በመስጠቱ» ይላል። ውሸት የለበትም።

«ምስክር ብለሽ ፈርሚ» አለኝ።

«ጥፋቱ የሱ ከሆነ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል፣ በራሱ ጥፋት ነው፤ ሕክምናውም የራሱ ነው። አንቺን የሚነካ ነገር የለም፣ አይዞሽ።»

ግልጽ ነኝ እያልኩ የምኩራራው እኔ፣ ፊት ለፊት እናገራለሁ የምለው እኔ፣ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ። ፊርማዬ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። ጋሽ አደሎ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። እሳቸው አልፈረሙም። «እኔ ታች ነበርኩ፣ አላየሁም» ነው ያሉት። እኔን አላዩኝም፤ ጫማቸው ላይ ያለውን ጭቃ ነበር የሚያዩት።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አልያዘኝም ብል ማጋነን ነው፣ ተኝቻለሁ። ግን አራተኛው ቀን ላይ ጅማ ሄድኩ። ሰይፉ አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስቱን ጠርቶ «ይቺ ናት የነገርኩሽ። እስከ መጨረሻው እጄን የያዘችኝ» አላት። ሴትየዋ ተነስታ ሳመችኝ። ጉንጬ ላይ እንባዋ ቀረ።

«ፖሊስ መጥቶ ነበር» አለኝ ሰይፉ። «የኔ ጥፋት ነው አልኩት። ዱላ አይሰጥም፣ አውቃለሁ።»

«ያልኩህን ነገርከው?»

«ምን ያልሽኝን?»

ረስቶት አልነበረም። ሚስቱ እዚያው ስለነበረች ነው።

እዚያው፣ ሚስቱ ፊት ተናገርኩት። በፈለግክ ሰዓት ና፣ ዱላዬን ግን ቶሎ አድርስልኝ፣ ሰው እየሳቀ። ይቅርታ አልኩት። እሱ ኮፍያውን ለመሳብ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ፣ ግን ኮፍያዋ አልነበረችም። ሚስቱ ከአጠገቤ ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ እስክወጣ አልዞረችም። ልክ ናት።

ቦንጋ ተመልሼ የራሴን ሪፖርት ጻፍኩ። የተናገርኩትን በቃሉ አስቀመጥኩ፤ ሞተረኛውን ሳልጠይቅ መንገድ መልቀቄን፣ ጋሽ አደሎ ያስተማሩኝን ጥያቄ ማስቀረቴንም ጻፍኩ። ኢንጂነሩ አንብቦ «ይሄን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ።

«ማንም አልጠየቀኝም። ችግሩ እሱ ነው።»

ውሌ በወሩ መጨረሻ አልታደሰም። የሰይፉ ሕክምና ግን ተሸፈነ፤ ተቆጣጣሪዋ የመንገድ ሥራው ድርጅት ሠራተኛ ስለነበረች ጥፋቱ ሹፌሩ ጋ ብቻ ሊቀር አልቻለም። አሁን ሌላ ቦታ ነው የምሠራው፣ ቢታ ገነት በኩል፣ ትንንሽ ድልድዮች ላይ። ዱላ የለንም፣ ሬዲዮ አለን።

እንግዲህ ይሄን የምታነቡ፣ ምን ተለወጥሽ ብትሉኝ፣ ታጋሽ ሆንኩ አልላችሁም። ዛሬም ባጃጅ እስኪሞላ አልቀመጥም። አንድ ነገር ግን አውቄአለሁ። እናንተ በንዴት የምትጥሏትን ቃል ዝቅ ብሎ አንስቶ ልክ እንዳላችሁት የሚፈጽም ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም ዝም ብሎ «እሺ» የሚላችሁ ሰው ነው። ስትስቁበት ኮፍያውን የሚስበው። የምትፈልጉትን ታገኛላችሁ። ሲደርሳችሁ ደስ ይላችኋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር ለሥራ ደካ ሄጄ ስመለስ በዚያ መንገድ አለፍኩ። ግማሹ ተጠግኗል፣ ግማሹ ገና ነው። የኛ ሚኒባስ የቡድኑ መጨረሻ ስለነበር ዱላውን የያዝነው እኛ ነን። እኔ ጋቢና ነበርኩ። ኩርባው ላይ ስንደርስ ጉም ነበር።

የታችኛው ኬላ ላይ ሰው ከመጠለያው ወጣ። በክራንች ነው የመጣው፣ ራሱ ላይ የሹራብ ኮፍያ አለ። ጋሽ አደሎ ጡረታ ወጥተው ቦታውን ለሰይፉ እንደሰጡት ሰምቼ ነበር፤ ማየት ግን ሌላ ነው። የሹፌሩን እጅ ጨበጠ። ደህንነቱን ጠየቀ። መንገዱን ጠየቀ። ወረፋው ላይ አንዱ ክላክስ ነፋ፣ እሱ አልዞረም። ከዚያ አጎንብሶ በመስኮቱ ሲያይ እኔን አየኝ።

ሰላም አላለኝም። ዱላውን ተቀብሎ እጁ ላይ እንደያዘ፣ «ካንቺ ኋላ ማን አለ?» አለኝ።

ሹፌሩ «ማንም የለም» ሊል አፉን ከፈተ። እጁን ያዝኩት። በሩን ከፍቼ ወረድኩና ወደ መጣንበት መንገድ ዞሬ ቆምኩ። ጉሙ እስኪገለጥ፣ ድምፅ ካለ እስክሰማ ድረስ ቆየሁ።

ከዚያ ነው የመለስኩለት።